ለቲማቲምና ለፎሶሊያ የሚሆን መደገፊያ፦ ተገጣጣሚ፣ አጣና ወይስ ፌሮ?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኘው ጓሮዬ ለቲማቲም፣ ለፎሶሊያና ለአተር የሚሆን መደገፊያ ስፈልግ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው አረንጓዴ ፕላስቲክ የለበሰ ተገጣጣሚ ቱቦ ነበር። ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን ቲማቲሙ ፍሬ ይዞ በከበደበት ሰሞን የሚያዝያ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጥቶ ከመጋጠሚያው ሰበረው።

የባሕር ዛፍ አጣና ርካሽ ነው፤ ልጡ ሳይላጥ ከተተከለ ሻካራ ስለሆነ ለሚጠመጠመው ፎሶሊያ ከብረትም ይሻላል። ችግሩ ከመሬት በታች ነው፤ ምስጥና እርጥበት እግሩን ስለሚበሉት፣ ላይ ላዩን ደህና ይመስል የነበረው እንጨት በሁለተኛው ዓመት ብነቀንቀው ከአፈሩ እኩል ተቀነጠሰ።

አሁን የምጠቀምበት አንድ የሰፈራችን በያጅ በባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ የሠራልኝን፣ መሰላል የሚመስል መደገፊያ ነው። በጥንካሬው ረክቻለሁ፤ ቅሬታዬ በእግሩ ላይ ነው። የእኛ አፈር ዋልካ በመሆኑ ክረምት ውኃ ሲጠግብ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ጠልቆ ያልተቀበረን ቋሚ ሁሉ ያጋድላል። ስለዚህ 1.80 ሜትር ከመሬት በላይ ሆኖ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲቀበር፣ እያንዳንዱ ቋሚ በ2.40 ሜትር እንዲቆረጥ ነግሬው ነበር። አንድ ፌሮ 12 ሜትር ስለሆነ ያለ ብክነት አምስት ቋሚ ይወጣዋል። እርሱ ግን በ2 ሜትር እየቆረጠ ስድስት አወጣና «ጋሼ፣ አንድ አተረፍኩልዎ» አለኝ። የሚቀበረው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር፣ ጥቅምት ላይ ረድፉ በሙሉ አጥሩን ተደግፎ አገኘሁት። እግሮቹን በራሱ ወጪ ቀጥሎ መበየዱን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም።

የሚያሠራ ሰው ልኩን በቃል ከመናገር ይልቅ ብረቱ ላይ በጠመኔ ያስምር። በብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት በመዶሻ ተመትቶ ሳይነሳ ጸረ ዝገት ከተቀባ፣ ቅርፊቱ ቀለሙን ይዞ ይረግፍና ዝገቱ ከዚያው ስለሚጀምር ይህንንም ቆሞ ይመልከት። ቀጭኑ የአተር ጅማት ማገሮቹን መያዝ ስላቃተው በመካከላቸው ሲባጎ መወጠር ግድ ሆኖብኛል። ቲማቲም ደግሞ በራሱ ስለማይጠመጠም፣ ግንዱ እንዳይታነቅ በጨርቅ ቅዳጅ ላላ አድርጌ አስሬዋለሁ።

ለመጪው ክረምት ከዚያው በያጅ አራት ተጨማሪ አዝዣለሁ፤ ጠመኔውን ይዤ ሄጄ።