ሐውልት ወይስ ስም?

ክለቡን ለዓመታት ያገለገለ አሠልጣኝ ሲያርፍ መታወስ አለበት። በዚህ አልደራደርም። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው፤ ሐውልት ይቁምለት ወይስ ስታዲየሙ በስሙ ይጠራ?

ሐውልት ደጋፊው ቀርቦ የሚነካው ነገር ነው። በሊቨርፑል እግር ኳስ ክለብ ስታዲየም፣ በአንፊልድ ደጅ የቆመውን የቀድሞ አሠልጣኙን የቢል ሻንክሊን ሐውልት እዩት። እጆቹን ዘርግቷል፣ አንገቱ ላይ ስካርፍ አለ፣ ከሥሩ «ሕዝቡን አስደሰተ» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። በሕይወት ሳለ ያላየው ልጅ እንኳ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይገባዋል። ግን ሐውልት ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል። ሻንክሊ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን ሐውልቱ የተመረቀው በ1997 ነው። ይህን ሁሉ ዓመት መጠበቅ ያሳዝናል።

ስም ፈጣን ነው። የዩክሬኑን ክለብ ዳይናሞ ኪየቭን ያሠለጠነው ቫለሪ ሎባኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያርፍ የክለቡ ስታዲየም በዚያው ዓመት በስሙ ተሰየመ። ስም በየጨዋታው ከሰው አፍ አይጠፋም። ስጋቱ አንድ ነው፤ ክለቡ ብር ሲቸግረው ስያሜውን ለስፖንሰር ሊሸጠው ይችላል።

እኔ ብሆን ከስሙ እጀምራለሁ። ሙሉ ስታዲየሙ ባይሆን እንኳ ደጋፊው የሚሞላው አንዱ ትሪቡን በስሙ ይጠራ። ሐውልቱ አቅም ሲገኝ ይደርሳል። ብቻ ከሁሉም በፊት ቤተሰቡ ይጠየቅ።