ደላላ፣ ዘመድ ወይስ የገዢ ወኪል? በደሴና በኮምቦልቻ ቤት ለሚገዛ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ በተለይም ገንዘቡን ጅዳ ወይም ዱባይ ሠርቶ ያጠራቀመ ሰው፣ ከቤቱ አስቀድሞ የሚመርጠው በስሙ የሚንቀሳቀስለትን ሰው ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ሦስት ናቸው፤ ደላላ፣ ውክልና የተሰጠው ዘመድ፣ እንዲሁም ክፍያውን ከገዢው ብቻ የሚቀበል ወኪል፣ ማለትም ጠበቃ ወይም የግንባታ ባለሙያ። ሦስቱም ለገዢው እንደሚሠሩ ይናገራሉ፤ እኔ ግን ንጽጽሩን የምጀምረው እያንዳንዱ ከማን፣ መቼና በምን ስሌት እንደሚከፈለው በመጠየቅ ነው።

ደላላን ማማት ቀላል ቢሆንም ያለ እሱ ቤት ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። በደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ የትኛው ቤት በወራሾች ስምምነት ሊሸጥ እንደሆነ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የትኛው ነጋዴ ገንዘብ ቸግሮት ቤቱን ለገበያ እንዳቀረበ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ችግሩ ያለው በሰውየው ጠባይ ሳይሆን በአከፋፈሉ ላይ ነው። ከገዢም ከሻጭም ከመቶ ሁለት ይቀበላል እንበል። የ6,000,000 ብር ቤት ሲሸጥ ከገዢው ወገን ብቻ 120,000 ብር ያገኛል። ተከራክሮ ዋጋውን ወደ 5,500,000 ብር ቢያወርደው ገዢው ግማሽ ሚሊዮን ብር ሲተርፈው፣ ደላላው ከሁለቱም ወገን በድምሩ 20,000 ብር ያጣል፤ ሽያጩ ቢፈርስ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ ስሌት የሚኖር ሰው ካርታው ላይ እግድ እንዳለ ጭምጭምታ ቢሰማ እንኳ «አብሽር፣ ይስተካከላል» ቢል ሊያስገርም አይገባም። ደላላ አገናኝ ነው፤ ባገናኘበት ልክ ሊከፈለው ይገባል፤ ከዚያ ያለፈውን ኃላፊነት ከእሱ መጠበቅ ግን የገዢው ስሕተት ነው።

ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ አይጠይቅም፤ ታማኝነቱም አያጠራጥርም እንበል። ይሁን እንጂ በነጻ የተሠራን ሥራ መቆጣጠር አይመችም። ታላቅ ወንድምን «ጋሼ፣ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ የሚያሳይ ማስረጃ አይተውታል ወይ?» ብሎ በስልክ መጠየቅ በእኛ ዘንድ እንደ ጥርጣሬ ስለሚቆጠር፣ ጥያቄው በይሉኝታ ተውጦ ይቀራል። ጥያቄው ግን ዋና ጥያቄ ነው፤ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤት የሁለቱም ስምምነት ከሌለበት ሽያጩ በኋላ ሊፈርስ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ለዘመድ የሚሰጠው ውክልና ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ የሰፋ ወይም ከልክ በላይ የላላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥቅል ቃል የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል ይደነግጋል፤ ቤት ለመሸጥ ደግሞ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ሻጩ ራሱ በወኪል የመጣ ከሆነ «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በውክልናው ላይ መኖሩን አንብቦ ማረጋገጥ የግድ ነው፤ ይህንም ዘመድ ሁሉ አያውቀውም።

ሦስተኛው፣ የገዢው የራሱ ወኪል፣ በከተሞቻችን የታወቀ የሙያ ስም ገና አላገኘም። በአሜሪካ የገዢ ወኪል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮም፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ወኪሎች) ማኅበር በክስ ምክንያት በገባው ስምምነት መሠረት፣ በማኅበሩ ደንብ ሥር የሚሠራ ወኪል ለገዢው ቤት ከማስጎብኘቱ በፊት ክፍያው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ የጽሑፍ ውል መፈራረም አለበት። ከዚያ የምንወስደው ማኅበሩን ወይም የኮሚሽን ክፍያውን ሳይሆን ይህችን የጽሑፍ ውል ነው።

እህቴ ከሪያድ ሆና ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ስትገዛ የሆነውን ብናገር ልዩነቱ ይታያል። ደላላው ግቢው 250 ካሬ ሜትር መሆኑን ነግሯታል፤ የአጎታችን ልጅም ዞሮ አይቶ «ሰፊ ነው» ብሏታል፤ ሁለቱም አልዋሹም። በቁርጥ ክፍያ የቀጠረችው የግንባታ ባለሙያ ግን የካርታውን ቅጂ በአንድ እጁ ይዞ፣ የሜትሩን ጫፍ ለእኔ አስይዞ፣ ከበሩ እስከ ጓሮው ለካ። አጥሩ 250 ቢያቅፍም ካርታው የሚያውቀው 200 ብቻ ነበር፤ ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ የተሠሩት በተረፈው 50 ላይ ነው። ባለቤቱ አዛውንት አጥሩ ወደ ቁልቁለቱ የተገፋው በአባታቸው ዘመን መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩን። እህቴ ቤቱን ገዛችው፤ የከፈለችው ግን የ200 ካሬውን ዋጋ ነው።

ያ ባለሙያ ከዚያ በኋላ ከጓሮው የድጋፍ ግንብ ሥር ተንበርክኮ አዲሱን ቀለም በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ ሥንጥቅ ፈልጎ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ በክረምት የአፈር መንሸራተትና ጎርፍ የሚያሰጋቸው ሰፈሮች አሏት፤ ስለዚህ ቤት በጥር ታይቶ የሚወሰን ከሆነ ባለሙያው ውሃው በሐምሌ በየት እንደሚወርድ ጎረቤት መጠየቅ ይኖርበታል። በኮምቦልቻ የሚያሳስበው ሌላ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የከተማዋ ዙሪያ ለቤት ፈላጊ ዓይን የሚገባ ሆኗል፤ ከዚያ የሚቀርበው ርካሽ ቦታ ግን የእርሻ መሬት ሊሆን ይችላል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት ስለማይሸጥ፣ በምስክር ፊት የተጻፈ ወረቀት ገዢውን ባለይዞታ አያደርገውም። ደላላ ይህን ላይናገር ይችላል፤ ቁርጥ ክፍያ የሚቀበል ጠበቃ ግን ለመደበቅ ምክንያት የለውም።

የራስ ወኪልም ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ቤት ፈልጎ አያገኝም፤ ቅድሚያ ወጪ ይጠይቃል፤ ከጠረጴዛው የማይነሳ ጠበቃም የግንብ ሥንጥቅ አያይም። ከሻጩ በስውር ጉርሻ ሊቀበልም ይችላል፤ ሕጉ ግን ወኪል ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከጉዳዩ ጥቅም እንዳያገኝ ስለሚያስገድድ፣ ቢያንስ የሚጠየቅበት መንገድ አለ።

እንግዲህ እዚያው ደሴ የሚኖር፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ገዢ በደላላ ቤቱን አግኝቶ ለሰነዱ ምርመራ ብቻ ጠበቃ ቢይዝ ይበቃዋል። ውጭ አገር ያለ ገዢ ግን ሦስቱንም ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ደላላው ይፈልግ፣ ባለሙያው ይለካ፣ ጠበቃው በማዘጋጃ ቤት እግድና የባንክ መያዣ አለመኖሩን ያጣራ፣ ዘመዱም በመጨረሻ ይፈርም። ቅደም ተከተሉ የሚጠቅመው በቀብድ ምክንያት ነው፤ በሕጉ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የባለሙያውና የጠበቃው ክፍያ ሽያጩ ቢፈርስም የሚከፈል ሆኖ ይጻፍ፤ ሪፖርታቸውም ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት በጽሑፍ ይድረስ። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የሚረጋገጠው የዘመዱ ውክልናም የሚገዛውን ቤት አድራሻ፣ ከፍተኛውን ዋጋ፣ እንዲሁም ካርታው በገዢው ስም ብቻ እንደሚዛወር በግልጽ ይናገር።