ከትንንሽ ልጆች ጋር በኦክቶበር ዲሲ፦ ምኑ ጥሩ፣ ምኑ አድካሚ

ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ይዛችሁ በፎል ለሦስት አራት ቀን የት እንሂድ ብትሉኝ መልሴ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ኒውዮርክንም ቺካጎንም እወዳቸዋለሁ። ግን ከሕፃን ጋር የሚጓዝ ሰው ከተማን የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነው፤ ልጁ ገብቶ በሃያ ደቂቃ ሲሰለች ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ዲሲን የሚያህል አላየሁም።

ምክንያቱ ነፃ መሆኑ ነው። ስሚዝሶኒያን የሚባለው በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ ተቋም ዲሲ ያሉት ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም፣ የእንስሳት ፓርኩም እንደዚያው። ገንዘቡ መትረፉ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ልብ ማሳረፉ ነው። ሌላ ከተማ ለመግቢያ ብዙ ዶላር ከፍላችሁ ስትገቡ፣ ልጁ ቢያለቅስም፣ ቢርበውም፣ እንቅልፉ ቢመጣም "ይህን ሁሉ ከፍለን እንዴት እንወጣለን" እያላችሁ ትጎትቱታላችሁ፣ መጨረሻው ሁላችሁም ተኳርፋችሁ ሆቴል መግባት ነው። ዲሲ ላይ ዝሆኑን አይታችሁ፣ ዳይኖሰሩን አይታችሁ፣ ልጁ በቃኝ ሲል ትወጣላችሁ። ውጪ ናሽናል ሞል የሚባለው ረጅም መስክ አለ፣ እዚያ ይሩጥ። ካሰኛችሁ ነገ ትመለሳላችሁ፣ ለምን ቶሎ ወጣችሁ የሚል የለም።

ጊዜውን በተመለከተ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ያለውን እመርጣለሁ። ቀኑ ብዙ ጊዜ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ዛፎቹም ቀለማቸው የሚቀየረው ያኔ ነው። የዲሲ ሳመር ሙቀቱና እርጥበቱ ለአዋቂም ይከብዳል፣ በጸደይ ደግሞ የቼሪ አበባውን ለማየት ዓለም ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ አስቡ፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጆቹ ያን አያውቁም፣ በለመዱት ሰዓት ነው የሚነሱት። ማታ ደግሞ አምስት ሰዓት ገደማ ይጨልማል፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ከዚያ በፊት ብትሄዱ የከሰዓት በኋላ ጊዜያችሁ ይረዝማል።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ለትንንሽ ልጆች ከሁሉም ይበልጣል። መሃል አዳራሹ ላይ የቆመው የአፍሪካ ዝሆን ብቻውን ይበቃል። ልጆች አንገታቸውን ቀና አድርገው ዝም ሲሉ ማየት ደስ ይላል። የዳይኖሰሩ አዳራሽ በ2019 ታድሶ የተከፈተ ነው፣ ቲሬክሱ ሌላ ዳይኖሰር ሲበላ ነው የቆመው። የኔ ትልቋ ደጋግማ መመለስ የፈለገችው እዚያ ነበር። ከውቅያኖሱ አዳራሽ አጠገብ ደግሞ የሰው ዘር አመጣጥ የሚታይበት ክፍል አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር፣ ሀዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ ዝርያ ታሪክ የሚነገረው እዚያ ነው። ልጆቻችሁን አስገቧቸው፣ እባካችሁ። እዚህ አገር ተወልዶ የሚያድግ ልጅ፣ ይህን በሚያህል ሙዚየም ውስጥ ቆሞ "ይቺ ከእናትና አባትሽ አገር ናት" ሲባል ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር እኔ በቃል መግለጽ አልችልም። ስትሮለር ከያዛችሁ በኮንስቲትዩሽን አቬኑ በኩል ግቡ፣ በመስኩ በኩል ደረጃ አለ። ጠዋት 10 ሰዓት ሲከፈት ብትደርሱ የተሻለ ነው፣ እየዋለ ሲሄድ የትምህርት ቤት ልጆች በአውቶቡስ ይመጣሉ።

አውሮፕላንና ሮኬት ለሚወድ ልጅ ኤር ኤንድ ስፔስ ሙዚየሙ አለ። ነፃ ነው፣ ግን የመግቢያ ሰዓት ያለው ፓስ ቀድማችሁ በኢንተርኔት መያዝ አለባችሁ። ለሦስት ዓመት ልጅ ትንሽ ይበዛበታል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ እንስሳት ፓርኩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰው የሚደክመው እዚህ ነው። ናሽናል ዙ ከኮኔቲከት አቬኑ ተነስቶ ወደ ሮክ ክሪክ የሚወርድ ቁልቁለት ላይ ነው የተሠራው። ስትገቡ ቀላል ነው፤ ስትሮለሩ ራሱ ይወርዳል። ችግሩ መመለሻው ነው፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት የደከመ ልጅ እየገፉ መውጣት ነው። ስለዚህ ምክሬ እስከ ታች አትውረዱ። ፓንዳዎቹን፣ ዝሆኖቹንና ኦራንጉታኖቹን አይታችሁ ተመለሱ። ፓንዳዎቹ ባኦ ሊ እና ቺንግ ባኦ ይባላሉ፣ ከቻይና መጥተው ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለሕዝብ ይታያሉ። ገና ወጣት ናቸው፣ ብርድ ይወዳሉ፣ በፎል ጠዋት ሲጫወቱ የማየት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ኦራንጉታኖቹ ደግሞ አየሩ ደህና ሲሆን ከሰው ራስ በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። አጥርም መስታወትም በመሃል የለም፣ ልክ ከአናታችሁ በላይ ነው የሚያልፉት። ለኔ ከፓንዳው በላይ እሱ ነው።

እዚያ ለመድረስ በሜትሮ ቀዩን መስመር ያዙና ክሊቭላንድ ፓርክ ውረዱ። ካርታው ዉድሊ ፓርክም ይላችኋል፣ ርቀቱ ተቀራራቢ ነው፣ ግን ከዉድሊ ፓርክ ሲመጣ መንገዱ ዳገት ነው። ሲመለሱ ግን ዉድሊ ፓርክ ይሻላል፣ ያኔ ቁልቁለት ይሆንላችኋል። በመኪና ከሄዳችሁ ፓርኪንጉ 30 ዶላር ነው። መግቢያው ነፃ ቢሆንም እዚህም ፓስ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይቻላል፣ ያዙ።

ስለ ሜትሮው ብዙ ማለት ይቻላል። ለቤተሰብ ጥሩ ነው፤ አንድ ከፋይ አዋቂ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች በነፃ ይዞ ይገባል። ከ2025 ወዲህ በባንክ ካርድ መክፈል ይቻላል፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ ግን የየራሱ ካርድ ይኑረው። ሁሉም ጣቢያ ሊፍት አለው። ጣቢያዎቹ ግን አንዳንዶቹ በጣም ጥልቅ ናቸው፣ የተዘረጋ ስትሮለር በኤስካሌተር ማውረድ ደግሞ ክልክል ነው፣ አደገኛም ነው። ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ከባድ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የትኛው ጣቢያ ሊፍት እንደማይሠራ ድረ ገጻቸው ላይ እዩ፣ ስትሮለሩም በአንድ እጅ የሚታጠፍ ቀላል ይሁን። ሌላም ነገር፤ የድሮ ምክሮች ሐውልቶቹን የሚያዞር ቀይ አውቶቡስ አለ ይሏችኋል። ሰርኩሌተር የሚባለው ያ አውቶቡስ በ2024 መጨረሻ ቆሟል። ከካፒቶል እስከ ሊንከን ሐውልት ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁሉንም በእግር እንጨርሳለን ብላችሁ ከልጅ ጋር አትነሱ።

ማረፊያ ላይ ደፍሬ ልናገር። አብዛኞቻችን ዲሲ አካባቢ ዘመድ አለን። ዘመድ እያለ ሆቴል ማረፍ ቅር ያሰኛል፣ ይገባኛል። ግን ዘመድ ቤት ካረፋችሁ ቁርስ ሳትበሉ፣ ቡና ሦስተኛው ሳይደርስ አትወጡም። ስትወጡ እኩለ ቀን ይሆናል፣ የልጁም የእንቅልፍ ሰዓት ይደርሳል። ዘመዶቻችሁን ከልብ ከወደዳችኋቸው እሁድን ሙሉውን ስጧቸው፣ የቀሩትን ቀናት ሆቴል እደሩ። የኔ ምርጫ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ ከመሃል ከተማው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ቀዩ መስመር ላይ ስለሆነም ሳትቀይሩ ቀጥታ እንስሳት ፓርኩ ድረስ ያደርሳችኋል። ደግሞ ሀበሻ ምግብ ቤት በየማዕዘኑ ነው። ሆቴል ስትይዙ የሕፃን አልጋ መኖሩን በስልክ ጠይቁ። እኛ ያረፍንበት ሆቴል በኢንተርኔት "አለ" ይላል፣ ማታ ስንደርስ ግን ሁሉም ተወስዷል አሉን።

ምግብ ላይ እንደኛ የታደለ የለም። ሌላው ሰው ልጁ የሚበላው ፍለጋ ሲንከራተት እኛ ዩ ስትሪት አጠገብ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተን አልጫ፣ ሽሮና ለስለስ ያለ ጥብስ እናዛለን። ልጁ በእጁ ይበላል፣ ቢያፈስ የሚቆጣ የለም፣ አስተናጋጇ አንስታ ታቅፈዋለች። ቅዳሜ ማታ ግን አትሂዱ፣ ይጨናነቃል፣ ምግቡም ይዘገያል። በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከልጅ ጋር በጣም ጥሩ ሰዓት ነው።

በፎል ዲሲ ለሚሄድ ሰው ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለበት የመጨረሻው ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። ኮንግረስ በጀቱን ሳያጸድቅ ቀኑ ካለፈ መንግሥት ይዘጋል፣ ሙዚየሞቹና የእንስሳት ፓርኩም በመንግሥት ገንዘብ ስለሚተዳደሩ ሊዘጉ ይችላሉ። በ2013 ኦክቶበር ላይ ሆኗል። በ2025ም ኦክቶበር 12 ተዘግተው እስከ ኖቬምበር አጋማሽ አልተከፈቱም። በዚያ ሰሞን ልጆች ይዞ የሄደ ቤተሰብ ምን እንደተሰማው አስቡት። ስለዚህ ሆቴሉም ትኬቱም ሊሰረዝ የሚችል ይሁን፣ ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ዜና ተከታተሉ። ቢዘጋም የቋንቋ ሙዚየሙ ፕላኔት ወርድ አለ፤ እሱ የስሚዝሶኒያን አይደለም። የሊንከንና የማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልቶች ደግሞ ሜዳ ላይ ናቸው፣ በር የላቸውም።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሹን የቀነስኩት በሊፍቶቹ ነው።