አንድ እሽግ የኦሪጋሚ ወረቀትና ዘጠኝ ልጆች

ደብረ ብርሃን በክረምት ልጅ ለያዘ ሰው ትከብዳለች። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይጀምራል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ደጅ ወጥቶ መጫወት አይታሰብም። የአጸደ ሕፃናት መምህርት ስለሆንኩ ትምህርት ሲዘጋ የሰፈሩ ልጆች እኔ ቤት ይሰበሰባሉ። ዘንድሮ ዘጠኝ ነበሩ፤ ትንሹ አምስት ዓመቱ፣ ትልቋ አሥራ አንድ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለጉዳይ አዲስ አበባ ወርጄ ስመለስ ከመርካቶ የኦሪጋሚ፣ ማለትም የጃፓኖች ወረቀት የማጠፍ ጥበብ፣ ወረቀት ይዤላቸው መጣሁ። እሽጉ 100 ወረቀት አለው፤ ልኩ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ ቀለሙ 20 ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት። ዋጋው 650 ብር ነበር።

ይህን ያህል ብር ለወረቀት ማውጣቴ የሚገርመው ሰው አይጠፋም። እኔም አምና ርካሹን ገዝቼ ነበር። ጀልባ ስናጥፍ የሁሉም ልጅ ጀልባ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አጠፈ፤ ጫፉ ከጫፉ አልገጥም ሲለው እጁን ከጠረጴዛው በታች ደብቆ «እትዬ፣ የእኔ እጅ አይችልም» አለኝ። ማስመሪያ አምጥቼ ወረቀቱን ለካሁት። አንዱ ጎን 15፣ ሌላው 15 ነጥብ 3 ሴንቲ ሜትር። ሦስት ሚሊ ሜትር በዓይን አትታይም፤ እጥፋት በእጥፋት ላይ ሲደራረብ ግን ስህተቷም አብራ ትደራረባለች። ልጁ ጥፋቱን በገዛ እጁ ላይ ማሳበቡ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለሕፃን የሚሸጥ ወረቀት ከምንም በፊት አራቱም ጎኑ እኩል መሆን አለበት፤ ይህ ከቀለሙም፣ ከማማሩም ይቀድማል።

የዘንድሮው እሽግ በዚህ አላሳፈረኝም። ከየቀለሙ አንዳንድ እያወጣሁ ከጥግ እስከ ጥግ አጠፍኩ፤ ሃያውም ገጠሙ። ወረቀቱ ከፎቶ ኮፒ ወረቀት ይሳሳል፣ በአውራ ጣት ጥፍር አንዴ ሲጫኑት መስመሩ ስለት ሆኖ ይቀራል። አንድ ፊቱ ባለ ቀለም፣ ሌላው ነጭ ነው። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ለልጅ ስታስተምሩ «ነጩ ወደ አንተ ይይ» ብትሉት ወዲያው ይገባዋል፤ «ገልብጠው» ብትሉት ግን ዘጠኙም በዘጠኝ አቅጣጫ ይገለብጡታል።

ስለ አነጋገር ካነሳሁ፣ ከእሽጉ ጋር የሚመጣው መመሪያ ለአምስት ዓመት ልጅ አይሆንም። ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው። የተቆራረጠው መስመር ወደ ውስጥ፣ ነጥብ የገባበት መስመር ወደ ኋላ ማጠፍን ያሳያል፤ ይህን የምልክት ቋንቋ ያበጁት ጃፓናዊው አኪራ ዮሺዛዋ ናቸው፤ ጃፓንኛ የማላነብ እኔም መከተል የቻልኩት በእርሳቸው ምክንያት ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ መመሪያው ገና በሁለተኛው ገጽ ላይ ወፏን፣ ሽመላዋን፣ ያመጣል። አንገቷን ገልብጦ ማውጣት ለአዋቂም ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ መመሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ የራሳችንን ስም አወጣን። ለሁለት እኩል ማጠፍ «ደብተር» ተባለ። ከጥግ ወደ ጥግ ማጠፍ «ሳምቡሳ» ሆነ። ሁለቱን ጎኖች ወደ መሐል መስመር ሰብስቦ ማሾል ደግሞ «የኦቾሎኒ ጥቅል»፤ መንገድ ላይ ኦቾሎኒ የሚሸጥበትን የወረቀት ጥቅል የማያውቅ ልጅ የለማ። ከዚያ በኋላ «ሳምቡሳ፣ ከዚያ ሁለቱን ጆሮ ወደ ታች» ስል የውሻው ፊት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ቦታ ይበቅላል።

ከውሻው ቀጥሎ ኩባያ፣ ከኩባያው ቀጥሎ ጀልባ፣ ከዚያ ጀርባዋን ሲጫኗት የምትዘል እንቁራሪት። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ ኩባያው ልጆቹን ከዚህ ሥራ ጋር አቆራኛቸው፤ አጥፈው ሲጨርሱ የተቆላ ስንዴ በሽምብራ አፈሰስኩላቸውና በገዛ እጃቸው ከሠሩት ዕቃ እየዘገኑ በሉ። አንዷ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ግን አልበላችም። የኩባያዋን ከንፈር ይዛ ከእናቷ ቀሚስ ጥበብ ላይ ያየችውን መስቀልና ሰረዝ በአረንጓዴና በቢጫ እርሳስ ትደረድር ነበር፤ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ።

ማስጌጡን በተመለከተ ብዙ ወረቀት አባክኜ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። ዓይንና አፍንጫ የሚሳለው ከታጠፈ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የተሳለ ዓይን ሲታጠፍ ጆሮ ሥር ይገኛል። ማርከር በዚህ ስስ ወረቀት ላይ ወደ ጀርባው ያልፋል፣ ባለ ቀለም እርሳስ ይሻላል። ሰም ያለው ክሬዮን የተቀባበት ቦታ ኮላ አይዝም። ፈሳሽ ኮላ ደግሞ ወረቀቱን ያጨማድደዋል፤ እንደ ከንፈር ቅባት እየተሽከረከረ የሚወጣውን ደረቁን ኮላ ግዙ። ወርቅማው ወረቀት ከሁሉም ያምራል፣ ነገር ግን የተሳሳተ እጥፋት አንዴ ካረፈበት ጠባሳው አይጠፋም። በዚያ ላይ አምስት ብቻ ነው፣ ልጆቹ ዘጠኝ። ከመጀመሪያው ቀን ብትደብቁት ከብዙ ለቅሶ ትድናላችሁ።

እሽጉን የምወቅስበት ነገርም አለ፤ የቀለም ድብልቁ ለቡድን ሥራ አይመችም። ለእንቁጣጣሽ ልጆቹ ሥዕል ከመሳል ይልቅ የወረቀት አበባ ለጎረቤት ለማደል ተስማሙ። አበባው ቀላል ነው፤ አንድ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት አራት ቦታ ሲቆረጥ አራት ባለ 7 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ «የኦቾሎኒ ጥቅል» ይሆናል፣ ስምንት ጥቅል ሹል ጫፋቸውን መሐል ላይ አጋጥመው በዙሪያ ሲለጠፉ አበባው ሞላ ማለት ነው። አንድ አበባ ሁለት ወረቀት ይበላል። ቢጫው አምስት ብቻ ስለሆነ ሁለት አበባ ሠርተን ቆምን። ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሄጄ ቢጫ የኤ4 ወረቀት በነጠላ ገዛሁ፤ ከአንዱ 7 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሥራ ሁለት ካሬ ይወጣል። ለዘጠኝ ልጅ ሁለት ሁለት አበባ፣ 144 ቅጠል፣ አሥራ ሁለት ወረቀት በቃን። ለዚህ ዓይነት ሥራ ውዱን እሽግ አትንኩት። ኤ4ው ወፍራምና በሁለቱም በኩል ባለ ቀለም ቢሆንም ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚታጠፍ አበባ ምንም አይጎድለውም፤ ለሽመላ ግን አይሆንም፣ አንገቷ ላይ ሲደራረብ ይሰነጠቃል።

ቅጠሎቹን ስንለጥፍ የአንዱ ልጅ አባት ሊወስደው መጣና ጥቂት ቆሞ አይቶ «እህቴ፣ ወረቀት ከምታበላሹ ቁጥር ብታስጠኚያቸው አይሻልም?» አለኝ። ፍሬድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያውን አጸደ ሕፃናት ሲከፍት ወረቀት ማጠፍን ከልጆች ሥራ አንዱ እንዳደረገው ልነግረው አፌን ስከፍት ትልቋ ልጅ ቀደመችኝ። አበባውን አንሥታ «ጋሼ፣ የወረቀቱ ጥግ 90 ዲግሪ ነው፤ ጥቅል ሲሆን ግማሹ 45 ይቀራል፤ ስምንት ጊዜ 45 ደግሞ 360። ለዚህ ነው ክፍተት ሳይኖር የገጠመው» አለችው። እኔ አላስተማርኳትም። አባትየው ተቀምጦ ሁለት ቅጠል አጠፈ።

ይህችው ልጅ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሽመላዋን ብቻዋን ጨረሰች። ጃፓኖች ሺህ ሽመላ ያጠፈ ምኞቱ ይሞላለታል እንደሚሉና በሂሮሺማው ቦምብ ጨረር ታምማ በ12 ዓመቷ ያረፈችው ሳዳኮ ሳሳኪ ሆስፒታል ተኝታ ሽመላ ታጥፍ እንደነበር ለእርሷ ብቻ ነገርኳት፤ ለትንንሾቹ ይከብዳል። ብዙ አልጠየቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድም ሽመላ ዓይን ሳትሥል አትተወውም።

እሽጉ ውስጥ አሁን የቀሩት አሥራ አንድ ወረቀቶች ናቸው። ዕድሜው ከአምስት ዓመት በላይ ለሆነ፣ ማጠፍ ለሚጀምር ልጅ ያለ ማመንታት ግዙለት እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ራሴ ከዚያው ሱቅ ሌላ ገዛሁ። ሻጩን አስፈቅጄ እዚያው መደርደሪያው ላይ አንድ ቀይ ወረቀት አወጣሁና ሳምቡሳ አድርጌ አጠፍኩት። ጠርዙ ከጠርዙ ገጠመ፤ ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።