የኢንተርኩለር ቱቦ፦ 2.5 ኢንች ወይስ 3 ኢንች?

ቱርቦ ያለው መኪና የያዙ ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ኢንተርኩለር ቱርቦው ጨምቆ የሚልከውን ትኩስ አየር ሞተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያቀዘቅዝ ነው፤ ቱቦው ያንን አየር ያስተላልፋል፣ ኢንቹም የቱቦው ስፋት ነው። እንደ ሆንዳ ሲቪክ 1.5 ቱርቦ ወይም ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ላለ፣ በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚነዳ መኪና፣ ያለ ማወላወል 2.5 ኢንች ግዙ እላለሁ።

300 የፈረስ ጉልበት የሚፈልገው አየር በ2.5 ኢንች ቱቦ ውስጥ ሳይጨናነቅ ያልፋል። 3 ኢንች በዚያው ርዝመት 44 በመቶ የበለጠ አየር ይይዛል፣ ያንን የሚሞላው ደግሞ ቱርቦው ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ትንሽ ይዘገያል። ጉልበት ግን አይጨምርም። ትልቅ ቱርቦ አስገብቶ 500 ጉልበት ለሚፈልግ 3 ኢንች ተገቢ ነው። 2 ኢንች ደግሞ ለትንሽ ሞተር፣ በተለይ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ ላለው ክፍል ይበቃል።

አሁን ወደ ዋጋው። እዚህ አሜሪካ ኦንላይን ስምንት ቁራጭ ያለው 2.5 ኢንች የአሉሚኒየም ኪት ከ70 እስከ 120 ዶላር ይገኛል። የባለ 3 ኢንቹ ዋጋ ከዚያ ብዙም ስለማይበልጥ ሰው ይጓጓለታል። ወጪው የሚመጣው በኋላ ነው። አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት የስሮትሉ አፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኢንች ስለሚጠብ ሰፊውን ቱቦ ከጠባቡ አፍ ጋር የሚያገናኝ መቀነሻ ጎማ ያስፈልጋል፣ እሱም ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው። ከመከላከያው ጀርባ አልገባ ሲል ደግሞ መቁረጥ ይመጣል። የጋራዥ የአንድ ሰዓት ዋጋ ከ100 ዶላር እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ።

አንድ ወዳጄ ርካሽ ባለ 3 ኢንች ኪት አስገጠመ። የቱቦዎቹ ጫፍ ልሙጥ ነበር፤ ጎማውን ይዞ የሚያስቀር ዙሪያውን ወጣ ያለ ከንፈር የለውም። አውራ ጎዳና ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው «ጷ!» ብሎ ከቱቦው ተነቀለ። ሴንሰሩ የለካው አየር ውጭ ስለፈሰሰ ነዳጁ በዛ፣ ጥቁር ጭስ ወጣ፣ ሞተሩ ጠፋ። መኪናው ተጎትቶ ቤት ገባ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱ። የሲሊኮን ጎማውን አፍ አይታችሁ የጨርቁን ድርብ ቁጠሩ፤ 4 ወይም 5 ካልሆነ ተዉት። ርካሾቹ 3 ናቸው፣ ሲሞቁ እንደ ፊኛ ይነፋሉ። ከኪቱ ጋር የሚመጣውን፣ በካቻቪቴ የሚጠብቀውን ጥርሳም ማሰሪያም ጣሉት፤ ሲሊኮኑን ይቆርጠዋል። በምትኩ ቲ-ቦልት የሚባለውን ማሰሪያ ግዙ፤ አንዱ ከ3 እስከ 5 ዶላር ነው። ለሁሉም መገጣጠሚያ ሲገዛ የኪቱን ግማሽ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል፣ ግን እሱ ላይ አትሰስቱ።

ሲገጠም ከቱርቦው የሚመጣው ዘይት በፍሬን ማጽጃ ሙልጭ ብሎ ይጠረግ። ዘይት ካለ ጎማው ይንሸራተታል። ሲሊኮን ሲሞቅ ማሰሪያው ሥር ተጨምቆ ስለሚላላ፣ ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እንደገና አጥብቁ።