የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞንቴሶሪ ወይስ የቪላው ሞንቴሶሪ? ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ

በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። "ልጅሽን ከዚያ ቆንጆ ትምህርት ቤት አውጥተሽ ሲስተሮቹ ጋ የወሰድሻት ለምንድን ነው? እኔስ የኔን የት ላስገባ?" ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳሁ መላክ ሰለቸኝ፣ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። ከወዲሁ እወቁት፣ ገለልተኛ አይደለሁም። ሁለት ተርም ሙሉ ብሬን የበላኝን ነገር ከሌላው ጋር እኩል አድርጌ ላወራለት አልችልም።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ፣ እኛው ሰፈር፣ ቪላ ቤት ተከራይቶ የተከፈተ ኬጂ ነው። በሩ ላይ "ሞንቴሶሪ" (ልጁ ዕቃውን ራሱ መርጦ በእጁ እየሠራ የሚማርበት ዘዴ) የሚለው ጽሑፍ ከታክሲ ተራው ይነበባል። ሁለተኛው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲስተሮች የሚያስተምሩበት ነው። የአንዱንም ስም አልጠራም፤ የመጀመሪያውን ለጠብ አልፈልገውም፣ የሁለተኛው ወረፋ ደግሞ አሁንም በቅቶናል።

በብሩ ልጀምር፣ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ እሱን ነውና። ቪላው ጋ መመዝገቢያ 5,000፣ ወርሃዊ 6,800፣ ሰርቪስ በወር 3,200፣ ሁለት ዩኒፎርም 3,600፣ መጽሐፍ 4,200፣ በመጨረሻም "የሞንቴሶሪ ማቴሪያል" የሚል 3,000። በ10 ወር ደምሩት፣ 115,800 ብር ይመጣል። ሲስተሮቹ ጋ መመዝገቢያ 1,000፣ ወርሃዊ 2,600፣ አንዲት ሽርጥ 450። መጽሐፍ የሚባል የለም። ሰርቪስ ስለሌላቸው ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ባጃጅ በኮንትራት ይዘናል፣ ድርሻዬ በወር 2,500። ድምሩ 52,450።

"እንዴ፣ ግማሽ እንኳን አይሞላም!" ብላችሁ ሳትሮጡ ቆዩ። ሲስተሮቹ ልጆቹን 6፡30 ላይ ይለቃሉ፤ ቪላው እስከ 9፡30 ያቆያል። እኔ እናቴ ቤት ስላለች አልተቸገርኩም። የቢሮ ሠራተኛ ሆናችሁ፣ አያት ሳይኖር፣ ለሞግዚት በወር 6,000 የምትከፍሉ ከሆነ ግን በ10 ወር 60,000 ጨምሩበት። 112,450 ሆነ። ከቪላው ጋር ያለው ልዩነት 3,350 ብር ብቻ! ይህን ሒሳብ የሠራሁላት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አኩርፋኛለች፣ ግን ሒሳቡ ያው ነው። ለእናንተ ዓይነቱ ቤት ዋጋው ምክንያት አይሆንም፤ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ሌላው ምክንያት የገባኝ በሁለተኛው ተርም ነው። ልጄ ከቪላው የክፍል ፕሮግራሟን ይዛ መጣች። ማክሰኞ አራተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሞንቴሶሪ። ሐሙስ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሞንቴሶሪ። እንደ ሙዚቃ፣ እንደ ስፖርት! 40፣ 40 ደቂቃ። የቀረው ጊዜ ኤ ቢ ሲ ዲ መገልበጥ ነው፣ ማታ ደግሞ ሁለት ገጽ የቤት ሥራ። የአራት ዓመት ልጅ "ከክፍሏ 7ኛ" የሚል ካርድ ሰጡኝ። በሳምንት 80 ደቂቃ ማለት፣ ዓመቱን 36 ሳምንት ብንለው፣ 48 ሰዓት ነው። ሲስተሮቹ ጋ ከ2፡30 እስከ 5፡30 ደወል አይደወልም፤ ልጁ ከመደርደሪያው የመረጠውን አንሥቶ እስኪጠግብ ይሠራል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ሌላ ያነሣል። ትንንሾቹ ትልልቆቹን እያዩ። በሳምንት 15 ሰዓት፣ በ36 ሳምንት 540። ያ የ3,000 ብር ማቴሪያል በሰዓት ስንት እንደወጣብኝ ራሳችሁ አካፍሉት።

"ታዲያ ፈቃድ ሳይኖራቸው በዚህ ስም ይጠራሉ?" ትሉኛላችሁ። ስሙ ባለቤት የለውም። የዘዴው መሥራች ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን "የልጆች ቤት" ሮም ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድሆች ሰፈር የከፈተችው ጥር 6 ቀን 1907 እ.ኤ.አ. ነው (ለካቶሊኮቹ የሰብአ ሰገል መምጣት የሚታሰብበት የኤፒፋኒ በዓል፣ ለእኛ የገና ዋዜማ)። በ1929 ከልጇ ጋር ኤኤምአይ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረተች። አሜሪካ ውስጥ ግን በ1967 የንግድ ምልክት ጉዳይ የሚያየው ችሎት ሞንቴሶሪ የሚለው ቃል የአንድ ማኅበር ንብረት አይሆንም አለ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ምንም አይነግራችሁም። መምህሯን ጠይቁ፦ የት ሠለጠንሽ? ስንት ወር? ቪላው ጋ የልጄ ቲቸር ጨዋ ልጅ ናት፣ ሥልጠናዋ ግን የሦስት ቀን ነበር። ራሷ ነች የነገረችኝ።

አሁን ወደ እንጨቱ፣ ማለትም ወደ መማሪያ ዕቃዎቹ። ልጆቹ ኪዩብ በኪዩብ ላይ የሚቆልሉትን ሮዝ ማማ ታውቁታላችሁ፣ የሁሉም ትምህርት ቤት ፎቶ ላይ አለ። 10 ኪዩብ ነው፤ ትልቁ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሿ 1 ሳንቲ ሜትር፣ በየደረጃው የሚቀንሰው 1 ሳንቲ ሜትር። ሁሉንም አንድ ማዕዘን ላይ አስጠግታችሁ ስትደረድሩ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚቀረው ጠርዝ ላይ ትንሿ ኪዩብ ልክክ ብላ ትቀመጣለች። እኔ ይህን ያወቅሁት ሲስተር አሳይታኝ ነው። በማግስቱ ማስመሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቪላው ሄድኩ። ዘጠኝ ኪዩብ ብቻ! ትንሿ "ጠፍታ ነው" አሉኝ። አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ እኩል ናቸው። ሲሊንደሮቹ ይብሳሉ። እውነተኛው ባለ አሥር ቀዳዳ እንጨት ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ልክክ የሚለው በራሱ ቀዳዳ ብቻ ነው። የነሱ ግን አንዱ በጎረቤቱ ቀዳዳ ተመቻችቶ ይገባል።

ምን አለበት እንዳትሉ። ነገሩ ሁሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሲሳሳት የሚነግረው እንጨቱ ነው፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሲሊንደር ይተርፍና ቀዳዳው እምቢ ይለዋል፣ ሁሉንም አውጥቶ ይጀምራል። እንጨቱ ከዋሸ መምህሯ መናገር አለባት። ልጄ ከቪላው ይዛው የመጣችው ልማድ በየደቂቃው ዞር ብሎ "ቲቸር፣ ልክ ነው?" ማለት ነበር። ሲስተሮቹ ጋ ለመተው ሦስት ሳምንት ፈጀባት።

የሲስተሮቹ ዕቃ ያረጀ ነው፣ አልደብቅም። ከኔዘርላንድ የመጣ ነው፣ ቀለሙ በልጅ እጅ ገርጥቷል፣ ሦስት ሲሊንደሮች መያዣቸው ወልቆ እንደገና በኮላ ተጣብቋል። ግን ይጠግኑታል። ማታ ማታ ሁሉም ይቆጠራል። አንድ ቀን 6፡30 አልፎ ልጄ አልወጣችም። ብገባ ወለሉ ላይ ተንበርክከው አንዲት ወርቃማ ዶቃ ሲፈልጉ አገኘኋቸው፣ ሲስተርም ጭምር። አሥር አሥር የተሰካው፣ መቶው፣ ሺሁ የሚቆጠረው በእነዚያ ዶቃዎች ነው፤ አንዷ ከጎደለች አሥር የተባለው ዘጠኝ ሊሆን ነው።

ፊደሉን ራሳቸው ነው የሠሩት፣ ከውጭ የሚመጣው የላቲን ስለሆነ። 33ቱን ፊደላት ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው ሰሌዳ ላይ ለጥፈዋል፤ ልጁ በጣቱ እየዳሰሰ "ሀ" ይላል። ቪላውም ጥቂት የላቲን ነበሩት፣ በአናጺ ሻካራ ወረቀት የተሠሩ። ልጄ ጣቷን አሟት ሁለተኛ አልነካም አለች። መቼም ለበር መላጊያ የሚሆነውን ለሕፃን ጣት!

መጀመሪያ ቀን ሲስተሮቹ ጋ ሳያት ምስር ትለቅም ነበር። በሰፌድ። አጠገቧ አንዱ ከጣሳ ወደ ጣሳ ውኃ ይገለብጣል፣ አንዷ ቁልፍ ትቆልፋለች። እኔ በልቤ "ምስር ለማስለቀም ነው እንዴ 2,600 የምከፍለው?" አልኩ። እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን እንደሚሠራ ለአባቴ ነገርኩት፣ የቄስ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ሳቀብኝ። "እኛስ ስንደዶ ይዘን ፊደል ስንቆጥር እያንዳንዳችን በየአቅማችን አልነበር? ዳዊት የደገመው አቡጊዳውን አላስቆጠረም?" አለኝ። አሰብኩት፣ እውነቱን ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ይጮኹ ነበር፣ እነዚህ ያንሾካሹካሉ።

ሃይማኖቱን በተመለከተ እናቴ ነች የታገለችኝ። "ማተቧን እንዳያስበጥሷት፣ አንቺ ልጅ!" ትለኝ ነበር። የሆነው ይህ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ይሁን ይላል፣ ክፍል ውስጥም የሚሰበክ የለም። የካቶሊክ ቤተሰብ ልጆች ቅዳሜ በሌላ ክፍል የሚማሩት ለብቻው አለ። እሱም ከሞንቴሶሪ የወጣ ነው፤ ሶፊያ ካቫሌቲ እና ጃና ጎቢ የሚባሉ ሴቶች በ1954 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የጀመሩት፣ ትንንሽ መንበር፣ ትንሽ ጽዋ፣ በልጅ እጅ የሚነካ የእረኛና የበጎች ቅርጽ ያለው። ለመላክ ፊርማ ይጠይቃሉ። እኔ አልላክሁም፣ ማንም ምን አላለኝም። እናቴ አንድ ቀን አብራኝ ሄዳ የዝምታ ጨዋታውን አየች፤ ሃያ ስድስት ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ስሙ በሹክሹክታ እስኪጠራ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ስለ ማተብ አላነሣችም። የምሳ ዕቃ ላይ ግን ረቡዕና ዓርብ እንቁላል አልልክም፤ ማንም አልከለከለኝም፣ እንዲሁ እኔው ይቀፈኛል።

የሲስተሮቹን ጉድለት ካልነገርኳችሁ ነገ ትወቅሱኛላችሁ። አዳራሹ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሰርግ ወይም ስብሰባ ሲኖር ዓርብ ከሰዓት መደርደሪያው ሁሉ ተገፍቶ ይዘጋል፣ ሰኞ ጠዋት መልሶ ማስተካከል ነው። በክረምት ክፍሉ ይቀዘቅዛል። በዓል ይበዛባቸዋል፤ በእነሱም ይዘጋሉ፣ በእኛም ይዘጋሉ። ስልክ አያነሡም። የልጃችሁን ፎቶ በየቀኑ የሚልክላችሁ ከፈለጋችሁ ቪላው በዚህ አንደኛ ነው፣ እመሰክራለሁ።

የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውንም የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ጓደኛዬ ልጇን አስገብታለች፣ መምህራኑ ደጎች ናቸው፣ መዝሙሩ ያምራል፣ ሞንቴሶሪ ግን አይደለም፤ እነሱም ነን አላሉም። ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

"ማቴሪያሉን ገዝቼ ቤት ባስተምርስ?" ለሚለው፣ እኔም ሞክሬያለሁ። መርካቶ 1,900 ብር የገዛሁት ሲሊንደር እርጥብ ባህር ዛፍ ኖሮ ሐምሌ ላይ አብጦ ከቀዳዳው አልወጣም አለ፤ በጥር ደርቆ ተሰነጠቀ። የውጭውን ደግሞ ብር ምንዛሪው ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አላስበውም። ማማውን ብቻ ከፈለጋችሁ አናጺ ጋ የደረቀ የዋንዛ ቁራጭ መርጣችሁ፣ ልኩን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ስትረከቡ በማስመሪያ ለክታችሁ ክፈሉ። እኔ 2,700 አስወጣኝ፣ አንዱን ኪዩብ ሁለቴ አስመልሼበታለሁ። ሲሊንደሩን አትሞክሩት፤ ጥሩ ቶርኖ የሚያውቅ ካላገኛችሁ ገንዘብ መጣል ነው።

ሲስተሮቹ የሚመዘግቡት በግንቦት ወር ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ነው። ለታናሽየው ዘንድሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደርሼ 41ኛ ሆንኩ፣ የሚቀበሉት 30 ነው። ተጠባባቂ 11ኛ ነኝ ማለት ነው። ቪላው ባለፈው ሳምንት ደውሎ "ለታናሽ ወንድም 10 በመቶ ቅናሽ አለ" ብሎኛል። ልጁ ለጊዜው ከአያቱ ጋር ቤት ምስር እየለቀመ ነው።