ባለ ኳስ ወይስ ባለ ሦስት እጀታ? በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ የትራይፖድ ጭንቅላት ንጽጽር

ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ ሲገዛ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው እግሮቹ ላይ ነው። ቁመታቸው ይለካል፣ ክብደታቸው ይጠየቃል፣ ከአሉሚኒየም ይሁን ከካርበን መሠራታቸው ይጣራል። ካሜራውን የሚሸከመው ግን ጭንቅላቱ ነው። እግሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ጭንቅላቱ ከተቆለፈ በኋላ የሚንሸራተት ከሆነ በጥንቃቄ የተመረጠው ፍሬም ይበላሻል፤ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ፎቶም ይደበዝዛል። ገንዘብ ውስን ሲሆን ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ርካሽ ጭንቅላቶች ሁሉ ጉድለታቸው እኩል አይደለም። አንዱ ዓይነት በርካሽ ቢሠራም ሥራውን ይሠራል። ሌላው ሲረክስ የሚጎድለው ዋናው ነገር ነው።

ለፎቶ አንሺ በቀዳሚነት የሚቀርቡት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ባለ ኳስ ጭንቅላት፣ እንደ ዳሌ መጋጠሚያ፣ በጎድጓዳ ቤት ውስጥ የምትዞር የብረት ኳስ አለችው። አንዱን ማጥበቂያ ሲያላሉት ካሜራው ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይዞራል፤ ሲያጠብቁት ባለበት ይቆማል። ባለ ሦስት እጀታው ግን ሥራውን ይከፋፍለዋል። አንዱ እጀታ ወደ ግራና ቀኝ ለማዞር፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ለማዘንበል፣ ሦስተኛው ካሜራውን ወደ ጎን ለማጋደል ያገለግላል። እያንዳንዱ ለብቻው ይላላል፣ ለብቻው ይጠብቃል።

ኳስ ስትረክስ ምን ይሆናል?

ባለ ኳሱ ፈጣን፣ ትንሽና ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመኘው እርሱን ነው። ምኞቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው፤ ኳሷ በትክክል ክብ መሆን፣ የሚጨብጣት ቤትም ዙሪያዋን በእኩል ኃይል መያዝ አለበት። ይህ ጥራት ያለው ማሽንና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ዋጋ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጎዳውም ይኸው ነው። ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ፍሬሙን አስተካክለው ያጠብቁታል፣ እጅዎን ሲለቁ ግን ሌንሱ ትንሽ ዝቅ ይላል። እንደገና ከፍ አድርገው ያጠብቃሉ፤ እንደገና ዝቅ ይላል።

ይህ መንሸራተት ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወስነው ሌንሱ ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል በሆነ) ላይ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ተገጥሞ ጭንቅላቱ በግማሽ ዲግሪ ቢወርድ፣ ምስሉ ከፍሬሙ ቁመት 1 በመቶ በማይሞላ ይፈናቀላል፤ ማንም አያስተውለውም። በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ያው ግማሽ ዲግሪ 7 በመቶ ያህል ያፈናቅለዋል፤ ከፍሬሙ ጠርዝ ተጠግቶ የነበረ ነገር ይቆረጣል ማለት ነው። በቅርብ ርቀት ነፍሳትን ወይም አበባን የሚያነሳ ሰውም በዚሁ ይቸገራል። ስለዚህ አንድ ሰው በሰፊ ሌንስ ሞክሮ «በጣም ጥሩ ነው» ያለው ጭንቅላት ረጅም ሌንስ ለያዘው ጎረቤቱ መከራ ቢሆንበት ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ባለ ሦስት እጀታው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ የሚንቀሳቀሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱን ጨብጦ ለመያዝ ተራ ብሎንና ደህና ብረት ይበቃዋል። በርካሽ ሲሠራ የሚከብደው፣ የሚያስጠላው ወይም እጀታው የሚረዝመው እንጂ መቆለፉን የሚተወው አልፎ አልፎ ነው። በትንሽ ገንዘብ ለሚገዛና የማይንቀሳቀስ ነገር ለሚያነሳ ሰው ይህንን ዓይነት የምመክረው ለዚህ ነው። ሕንፃ፣ የሚሸጥ ዕቃ፣ ሰነድ ወይም ሥዕል ለሚያነሳ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፦ የአድማሱን መስመር ሲያስተካክሉ ቀድመው የወሰኑት ከፍታ አይነካም። ባለ ኳሱ ላይ አንዱን ለማስተካከል ሲያላሉ ሁሉም አብሮ ይፈታል።

ዋጋውን የሚከፍሉት በሸክምና በፍጥነት ነው። የማንፍሮቶው 804 አርሲ2 ባለ ሦስት እጀታ 790 ግራም ይመዝናል፤ የሲሩይ ኬ-20ኤክስ ባለ ኳስ፣ 38 ሚሊሜትር ኳስ ይዞ፣ 400 ግራም ብቻ ነው። ተራራ ለሚወጣ፣ ብዙ ለሚጓዝ፣ ሰዎችን እየተከታተለ ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። እጀታዎቹም ቦርሳ ውስጥ አይመቹም፤ ሁሉንም ያጠልፋሉ።

የእነዚህኑ ሁለት ዕቃዎች የመሸከም አቅም ብናይ ደግሞ አምራቾቻቸው ለመጀመሪያው 4 ኪሎ፣ ለሁለተኛው 25 ኪሎ ብለው ጽፈዋል። ባለ ኳሱ ከስድስት እጥፍ በላይ ይጠነክራል ማለት ነውን? በፍጹም። አምራቾች ይህንን ቁጥር የሚለኩበት አንድ የጋራ መንገድ የለም፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠን ክብደት መሸከምና ወደ ፊት ያዘነበለን ረጅም ሌንስ ሳያወርዱ መያዝም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ ቁጥር የሁለት ድርጅቶችን ዕቃ አያወዳድሩ። የአንድ ድርጅትን ትንሽና ትልቅ ሞዴል ለመለየት ይጠቅማል፤ ከዚያ አልፎ ከካሜራዎና ከሌንስዎ ክብደት ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ መሆኑን ማየት ይበቃል።

ባለ ኳስ ይሻለኛል ያለ ሰው ከኪሎው ይልቅ የኳሷን ስፋት ይመልከት። ከ30 ሚሊሜትር በታች የሆነችው ለትንንሽ ካሜራ ትሁን፤ ከ36 እስከ 44 ሚሊሜትር ያለችው ለአብዛኛው ሰው ትስማማለች። ሁለተኛ፣ ከዋናው ማጥበቂያ ሌላ ሰበቃን የሚያስተካክል ትንሽ ቁልፍ ይኑረው። ያ ከሌለ ማጥበቂያውን ባላሉ ቁጥር ካሜራው ዘንበል ብሎ ይወድቃል፤ ጣትም ይቆነጥጣል፣ ሌንስም ይመታል። በአንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ይህ የሰበቃ ቁልፍ ጌጥ እስኪመስል ድረስ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ቆጥረው ሳይሆን አዙረው ያረጋግጡ። የታችኛው መሠረት ለብቻው የሚዞርና የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ ሰፊ የመሬት ገጽታን በተከታታይ ፎቶ ለማንሳት ይረዳል።

ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ከሁለቱም አንዱን አልመክርም። የሚያስፈልገው እንቅስቃሴውን በፈሳሽ መቋቋም የሚያለሰልስ የቪዲዮ ጭንቅላት ነው፤ የማንፍሮቶው ኤምቪኤች500ኤኤች ለዚህ ደህና መነሻ ነው። በርካሾቹ ላይ «ፍሉይድ» የሚል ጽሑፍ ቢኖርም ውስጡ ግራሶ ብቻ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል፣ እጀታውን በዝግታ ማዞር ጀምረው ሲነሳ መንገጫገጩን፣ ሲለቁትም ወደ ኋላ መመለሱን ይመልከቱ። የቪዲዮ ጭንቅላት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን እንደማያጋድልም አይርሱ፤ ለፎቶ ካሜራውን በጎኑ አዙሮ በቁመት ማንሳት ያስቸግራል። በጥርሳም ማርሽ እየተሽከረከረ በጥቂት በጥቂቱ የሚያስተካክለው የጭንቅላት ዓይነት ለሕንፃ ፎቶ እጅግ ግሩም ነው፤ ነገር ግን በዋጋም በክብደትም ከዚህ ንጽጽር ይወጣል።

ከመክፈል በፊት

የትራይፖድዎ ጭንቅላት የሚፈታ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በጣም ርካሾቹ ከእግሩ ጋር አንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የሚፈታ ከሆነ በእግሩ ላይ የሚገኘው ብሎን ባብዛኛው 3/8 ኢንች ነው፤ ካሜራው ላይ የሚገባው 1/4 ኢንች ነው። ከካሜራው ሥር የሚታሰረው ፕሌትም ያሳስበኛል። ማንፍሮቶ በብዙ ሞዴሎቹ የራሱን አርሲ2 ፕሌት ሲጠቀም፣ ሌሎች ብዙ አምራቾች 38 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለውን የአርካ ስዊስ ዓይነት ተከትለዋል። ርካሽ ጭንቅላት አንድ ቀን በተሻለ መተካቱ አይቀርምና፣ ያን ጊዜ ፕሌቶቹን እንዳይጥሉ አርካውን ይምረጡ። የተለያዩ አምራቾች አርካ ፕሌት በስፋቱ ትንሽ ይለያያል፤ በብሎን የሚጠብቀው መያዣ ልዩነቱን ይችለዋል፣ በማንሻ የሚቆለፈው ግን አንዱን አጥብቆ ሌላውን ሊያላላ ይችላል።

በመጨረሻ ያለዎትን ረጅሙን ሌንስ ይግጠሙ። በስክሪኑ ላይ ምስሉን አጉልተው ግድግዳ ላይ ያለ ምልክት መሃል ላይ ያድርጉ፣ ይቆልፉ፣ እጅዎን ይልቀቁና ምልክቱ መሄድ አለመሄዱን ይዩ። ካሜራውን በጎኑ አዙረው ይድገሙት፤ ክብደቱ ከመሃል ስለሚወጣ ደካማው ጭንቅላት እዚያ ላይ ይጋለጣል። ዕቃው ከሩቅ ታዝዞ የሚመጣ ከሆነ ይህንን ሙከራ በደረሰበት ቀን፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ያድርጉት።